ልባሽ ኮት እና «ማር እስከ ጧፍ»

የእህቴ ልጅ ደምበጫ ገበያ ከተዘረጋው የልባሽ ክምር ፈልጋ ፈልጋ አንድ አረንጓዴ ኮት አወጣች። እናቷ «የሞተ ፈረንጅ ልብስ!» ብላ አማተበች። እኔም ከእናቷ ጋር አበርኩ። ልጅቷ መልስ አልሰጠችንም፤ ልብስ ሰፊው ዘንድ ወስዳ ትከሻውን አስጠበበች፣ እጅጌውን አሳጠረች።

ጊዜው ጥር 2010 ነው። ለዓመታት የኮንሰርት ፈቃድ ሲነፈገው የቆየው ቴዲ አፍሮ ባሕር ዳር ሊዘፍን ነው። ያን ኮት ለብሳ፣ እኔን አስከትላ ሄደች። «ጋሼ፣ እንደ ክፍል ውስጥ እንዳይተቹ!» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ ዘፋኙን የሰማሁት በጥቂቱ ነው። ሕዝቡ እየቀደመው ይዘፍናል። ካሴት ላይ ያለው ዘፈን የእርሱ ነው፤ እዚያ ግን በሕዝቡ ልክ እንደገና ተሰፋ።

ታዲያ አመሌ አይለቀኝምና ተቸሁ። ከ2009ኙ «ኢትዮጵያ» አልበም «ማር እስከ ጧፍ» የተቆረጠው ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ በ1958 ከታተመው የእኛው የጎጃም ታሪክ። ሰፊው ፍቅሩን አጉልቶ ሌላውን አሳጥሮታል። የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ከሳሳ፣ ሰብለና በዛብህ ምን እንደለያቸው በምን ይታወቃል? ይህ ጉድለት ነው እላለሁ።

ተማሪዎቼን «የተዋሳችሁት ነው፣ ወጥ አይደለም» እያልኩ ነጥብ ስቀንስ ኖሬአለሁ። ልጅቷ ግን ስንመለስ «ጋሼ፣ መጽሐፉ አለዎት?» አለችኝ። በማስተማር ዘመኔ ይህን ጥያቄ ስንቴ ናፍቄዋለሁ!

ሰጠኋት። ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ጠርዙ የተበላ ነው። ልባሽ መሆኑ ነው እንግዲህ።