የሕፃናትን የጆሮ ሚዛን በውሃ ስለ መመርመር የቀረበ ትችት

ራሱን የሚያዞረው ሕፃን የውስጥ ጆሮው ሚዛን ደኅና መሆኑን ለማወቅ መጻሕፍት ለረጅም ዘመን መለኪያ አድርገው የያዙት የውሃ ምርመራን ነው። የምርመራው መሠረት ለ1914 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት የበቃው የቪየናው ሐኪም ሮበርት ባራኒ ሥራ ሲሆን፥ በ1942 (እ.ኤ.አ.) ፊትዝጀራልድና ሃልፓይክ ሥርዐት አበጁለት። 30 እና 44 ዲግሪ የሆነ ውሃ በየተራ በጆሮ ይፈስሳል፤ ጆሮው ጤነኛ ከሆነ ዐይን ይርገበገባል።

እያንዳንዱን ጆሮ ለብቻው መመዘኑ የማይካድ ጥቅም ነው። ነገር ግን ለሸዋ ሮቢትና ለይፋት ቈላ ሕፃን የመጀመሪያው ምርመራ ይሁን ቢባል አልስማማም። አንደኛ፥ ጆሮው መግል የሚያፈስስ፥ ታምቡሩም የተቀደደ ሕፃን ውሃ በጆሮው ሊገባ አይገባም፤ የሚያዞረው ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ይኸው ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፥ ምርመራው ራሱ ስለሚያዞር ሕፃኑ አልቅሶ ዐይኑን ይጨፍናል፤ ዐይን ካልታየ ምርመራው ከንቱ ነው። ሦስተኛ፥ መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል።

በ1988 (እ.ኤ.አ.) ሃልማጊና ከርቶይስ የገለጹት ምርመራ ግን እጅና ዐይን ይበቃዋል። ሕፃኑ የሐኪሙን አፍንጫ ትኵር ብሎ ሲያይ ራሱ በድንገት ጥቂት ይዞራል፤ ሚዛኑ የደከመ እንደ ሆነ ዐይኑ ከራሱ ጋር ይሄድና ወደ አፍንጫው ተመልሶ ይዘላል። አንገቱ የደረቀ ወይም የተጎዳ ልጅ በዚህ አይመረመርም። ቀላል ድካም ከሐኪሙ ዐይን ስለሚያመልጥ የውሃው ምርመራ ለሁለተኛው ደረጃ ይቆይ። ሁለቱም ደኅና ቢሆኑ እንኳ ልጁ ዋሸ አይባልም፤ በሕፃናት ዘንድ ራስ ማዞር ብዙ ጊዜ ከማይግሬን ይመጣልና።

በቈላ «ዞረብኝ» ያለ ልጅ አስቀድሞ በንዳድ ይጠረጠራል፤ ደሙ መመርመሩም ተገቢ ነው። ደሙ ንጹሕ ሲሆን ግን ነገሩ በዚያ ሊዘጋ አይገባም። እናቲቱ ትጠየቅ፦ ሲጨልም ይወድቃል? ማጅራት ገትር ታሞ ነበር? እንደ ጄንታማይሲን ያለ መርፌ ተወግቷል? የሁለቱም ጆሮው ሚዛን የጠፋ ልጅ ቀን በዐይኑ ተደግፎ ይቆማል፤ በጨለማ ይወድቃል፤ በሮቢ ወንዝ ውሃ ውስጥ ሲጠልቅ ላይና ታቹ ይጠፋበታል። እንዲህ ያለውን ልጅ ሰነፍ ማለት በደል ነው፤ ሳይመረመር ለብቻው ወደ ወንዝ መስደድ ግን ሞቱን ሊያመጣ ይችላል።