የመታጠብ አባዜ በሲኒማ፦ «ዘ አቪዬተር» በሐኪም ዓይን

ማርቲን ስኮርሴዚ እ.ኤ.አ. በ2004 ያቀረበው «ዘ አቪዬተር» የአሜሪካዊውን ባለሀብትና አብራሪ የሃዋርድ ሂውዝን (1905–1976) ሕይወት ይተርካል። ፊልሙ አምስት የኦስካር ሽልማቶችን አግኝቷል፤ ለሕክምና ባለሙያ ግን ቁም ነገሩ ኦብሴሲቭ ኮምፐልሲቭ ዲስኦርደር (ኦሲዲ) የተባለውን ሕመም ያሳየበት መንገድ ነው።

ከሁሉም የሚልቁት የመታጠቢያ ቤቱ ትዕይንቶች ናቸው። ሂውዝን ሆኖ የሚጫወተው ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ በራሱ ሳሙና እጁን እስኪደማ ይፈትጋል። የበሩን እጀታ መንካት ስለሚሳነውም ሌላ ሰው ከፍቶ እስኪገባ ቆሞ ይጠብቃል። አዲስ አውሮፕላን ራሱ ለመሞከር የማያመነታ ሰው በአንድ እጀታ መሸነፉ የሕመሙን ጠባይ ከረጅም ገለጻ ይበልጥ ያስረዳል። ሕመምተኛው ፍርሃቱ ከልክ ያለፈ መሆኑን ብዙውን ጊዜ ያውቃል፤ ማወቁ ግን አያሳርፈውም። መታጠቡ ለጥቂት ጊዜ ጭንቀቱን ያበርድለታል፤ ያው እፎይታ ለሚቀጥለው መታጠብ መንገድ ይጠርጋል። በአገራችን «ንጽሕና ይወዳል» ተብሎ የሚታለፈው ሰው ምናልባት በዚህ አዙሪት ውስጥ ያለ ሊሆን ይችላል።

የፊልሙ ድክመት ከመነሻው ይጀምራል። በመክፈቻው እናቱ ሕፃኑን እያጠበች ስለ ኮሌራና ታይፈስ ታስጠነቅቀዋለች፤ ተመልካቹም የሕመሙን ምንጭ ያገኘ ይመስለዋል። ዛሬ የሚታወቀው ግን የዘር ውርስና የአንጎል አሠራር ድርሻ እንዳላቸው ነው፤ የእናት አስተዳደግ ብቻውን ሕመሙን ያመጣል የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። የታመመ ልጇን ይዛ የመጣች እናት ይህን ክስ መሸከም አይገባትም።

ፊልሙ ሳይናገር የሚያሳየው ሌላም ነገር አለ፤ ትዕዛዙን ሳያዛንፉ የሚፈጽሙለት ሠራተኞች። በእኛ ቤቶች ደጋግሞ ውኃ የሚቀዳው፣ በር የሚከፍተው ቤተሰብ በፍቅር ያደርገዋል፤ ሕመሙን ግን ይመግበዋል።

ታሪኩ በ1947 ስለሚያበቃ ስለ ሕክምና ዝም ማለቱ አያስወቅሰውም። የሚፈራውን እየነኩ ከመታጠብ መታቀብን የሚያለማምደው ሕክምና በቪክቶር ማየር የተገለጸው በ1966 ነው፤ ክሎሚፕራሚን በአሜሪካ ለዚህ ሕመም የተፈቀደው በ1989 ነው። ሆኖም ተመልካቹ አንድን ሐረግ በመስታወት ፊት ከሚደጋግመው ሂውዝ ጋር ይለያያልና፣ ሕመሙ መፍትሔ የሌለው ዕጣ ይመስለዋል። ፊልሙ ለሕክምና ተማሪዎች ሲታይ የመክፈቻው ትዕይንት ያለ ማብራሪያ ባይታለፍ ይመረጣል።