የመደርደሪያዋ ካርድ

ሐምሌ ላይ በሳዑዲዋ ኮባር ከተማ የውጭው ሙቀት 45 ዲግሪን ሲያልፍ፣ በንጉሥ ፋህድ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜውን እንደያዘ መቆየት አለበት። ይህን የሚጠብቀውን ሰው ታካሚ አያየውም፤ የሚያየው የፋርማሲውን መስኮት ብቻ ነው።

ሳዑዲ ዓረቢያ «ረስድ» በተባለው ሥርዓት መድኃኒትን ከፋብሪካ እስከ ታካሚ በየፓኬቱ ቁጥር ትከታተላለች። ድንቅ ነው። በኢትዮጵያ ግን ትልቅ ሸክም የተሸከመች ቢን ካርድ አለች፦ ከመድኃኒቱ ጎን የምትቀመጥ ተራ ወረቀት። የገባው፣ የወጣው፣ የቀረው፣ የአገልግሎት ዘመኑ የሚያበቃበት ቀን ይጻፍባታል። መብራት ቢጠፋም ትነበባለች።

ሕጓም የጓዳ ነው፤ ባለሙያ እናት የቆየውን በርበሬ ከአዲሱ አስቀድማ እንደምትጨርስ፣ ቀኑ የቀረበው መድኃኒት ቀድሞ ይወጣል።

በዩኒቨርሲቲ ክሊኒክ ደግሞ ዋጋዋ ይጨምራል። ክረምት ላይ ተማሪው ሲበተን ወጪው ይቀንሳል፤ ሲመለስ መኝታ ክፍሉ በጉንፋንና በጨጓራ ሕመምተኛ ይሞላል። የእረፍቱን ወራት ፍጆታ ብቻ አይቶ የሚያዝ ሰው በጥቅምት ባዶ መደርደሪያ ይጠብቀዋል። ካርዷን የሚያገላብጥ የመድኃኒት ክፍል ሠራተኛ ግን ያምናውን ጥቅምት ያያል፤ መድኃኒት ያለቀባቸውን ቀናት ከፍጆታው ስሌት ያወጣል፤ ከዚያ እስክሪብቶውን አንስቶ መጠየቂያውን ይሞላል።