የቤቱ ስምና የዕቃው ስም

ቅኔ ቤት የገባ ልጅ ቅኔን ከቅኔ የሚለይባቸውን ስሞች ቶሎ ይይዛል። ሁለት ቤት ከሆነ ጉባኤ ቃና፣ ሦስት ከሆነ ዘአምላኪየ ወይም ሚበዝኁ፣ አምስት ከሆነ ዋዜማ፣ ስድስት ከሆነ ሥላሴ፣ ስምንት ከሆነ መወድስ ነው። ዘአምላኪየና ሚበዝኁ እኩል ሦስት ቤት ሆነው ሳለ ስማቸው ለምን ተለየ ብሎ የሚጠይቀኝን ተማሪ እወደዋለሁ። ዜማቸው ሌላ ነው፤ የሚባሉበት ቦታም ሌላ ነው። ሚበዝኁ ስሙን ያገኘው ከሦስተኛው መዝሙረ ዳዊት መነሻ ነው። ስሙን የያዘ ልጅ ቅኔው መቼና በምን ዜማ እንደሚባል አብሮ ይዟል።

ይህን በየቅኔ ቤቱ ይማሩታል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላኛው ስም፣ የዕቃው ስም ነው።

በቀድሞዎቹ የብቸናና የሞጣ አውራጃዎች ያደገ ተማሪ ለሰም፣ የቅኔውን ምሥጢር ለሚሸፍነው ምሳሌ፣ ተቸግሮ አያውቅም ነበር። ሀዲስ ዓለማየሁ ቅኔ ከተማሩባቸው ደብሮች አንዱ በብቸና አጠገብ ያለው ዲማ ጊዮርጊስ ነው፤ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ልብ ወለድ፣ ፍቅር እስከ መቃብር፣ ባለታሪኩን በዛብህንም ወደዚያው አምጥተውታል። ከደብሩ ዙሪያ ማሳ ነው። ቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ሲለምን የሚያልፈው በትልሙ ዳር ነው። ሰሙን ከመንገዱ ይለቅመዋል።

አሁን ከከተማ የሚመጡት ልጆች ግሱን ከእኛ ፈጥነው ያወርዳሉ፤ ዕቃውን ግን አያውቁትም። አንዱ ጉባኤ ቃና ቆጥሮ መጣ፤ ሰሙ እርሻ ነው።

«እንጨት ያልከው የትኛውን ነው፣ ልጄ?» አልኩት።

«የሚያርሱበትን፣ የኔታ።»

ከጎረቤት አጥር ግቢ ወስጄ አሳየሁት። ረጅሙ ሞፈር ነው፤ ጫፉ በምራን ከቀንበር ጋር ይታሰራል። ገበሬው የሚጨብጠው እርፍ ነው። መሬቱን የሚወጋው ብረት ማረሻ ነው። ከማረሻው ግራና ቀኝ ተቀምጠው አፈሩን ወደ ጎን የሚገፉት ሁለቱ እንጨቶች ድግር ናቸው። የሚያያይዛቸው የብረት ቀለበት ወገል ነው። እርፉን በአንድ እጁ እንዲይዝ አደረግሁት፤ ሌላው እጅ የጅራፍ ነውና። ሉቃስ ምዕራፍ 9 ላይ እርፍ ይዞ ወደ ኋላ ስለሚያይ ሰው የተነገረውን ያን ጊዜ አነሳሁለት። ዓይኑን ከፊቱ የነቀለ ገበሬ ትልሙ ይጣመምበታል፤ አንዱ ከተጣመመ ቀጥሎ ያለውም እሱን ተከትሎ ይጣመማል። ይህን ያላየ ልጅ ቃሉን በቃሉ ይወጣዋል እንጂ ሰም አያደርገውም።

ትልምና ፈሰስንም መለየት አለበት። ትልም የማረሻው መንገድ ነው፤ ፈሰስ ግን የክረምቱ ውኃ አፈሩን ጠርጎ እንዳይሄድ በማሳው ላይ አግድም የሚወጣ ቦይ ነው። ለንስሐ እንባ ሰም የሚሆነው ፈሰስ ነው። ትልም ብለህ ብታስገባው ቤቱ ይመታል፣ ምሥጢሩ ግን ይፈርሳል። ስምንት ቤት መወድስ አንድ ሰም ይዞ እስከ መጨረሻው የሚዘልቀው እንዲህ ያሉ ስሞች በአፉ ለሞሉለት ነው። ስለዚህ ግስ ከማውረዱ ጎን ለጎን ተማሪው የገበሬውን፣ የሸማኔውንና የቀጥቃጩን ዕቃ በስሙ እንዲጠራ አስገድደዋለሁ።

ያ ልጅ በሳምንቱ ሌላ ጉባኤ ቃና ይዞ መጣ። ብሉይና ሐዲስን ሁለት ድግር አድርጓቸዋል። ወገሉ ማን እንደሆነ ግን አልተናገረም፤ ጓደኞቹ ግማሾቹ መስቀል ነው፣ ግማሾቹ እመቤታችን ናት እያሉ ጎጆው ውስጥ እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከሩ።