አስማት ማለት ስም ነው፦ አዝማሪው አሽዶድ ሠርግ ላይ ምን ይሠራል?

ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ በዕብራይስጥ ሲወራ «ቄሰም» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ይመጣል፤ አስማት ማለት ነው። ማሲንቆው ቄሰም፣ እስክስታው ቄሰም። ለማመስገን ነው የሚባለው፣ ግን ሙዚቃው እንዴት እንደሚሠራ ምንም አይነግረንም። የእኛው ቃል የተሻለ ይነግረናል።

«አስማት» በግዕዝ የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው፤ «ስሞች» ማለት ነው። የጎንደር ደብተራ በሚጽፈው ክታብ ላይ ኃይል አላቸው የሚባሉት የተሰወሩ የአምላክ ስሞች ናቸው። የባለቤቱም ስም አብሮ ይጻፋል፤ አለዚያ ክታቡ ማንን ይጠብቃል?

የዛር ቤትም ያው ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ላይ የመልካም አየሁን የዛር ቤት ተከታትሎ ጽፏል። ከበሮ ይመታል፣ ይጨበጨባል፣ ይዘፈናል፤ ዛር የያዘው ሰው ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል። ዛሩ በፉከራው ማንነቱን ካላስታወቀ ድርድር የለም። በዛር እመኑ እያልኩ አይደለም። የማወራው ሙዚቃው ስለሚሠራው ሥራ ነው፦ አንዱን ለይቶ ይጠራል፣ መልስ ሳያገኝም አይለቅም።

አሁን ወደ አሽዶድ የሠርግ አዳራሽ እንምጣ። አዝማሪው ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ሲዞር መጀመሪያ የሚፈልገው ስም ነው። አጠገባችሁ ያለው አጎት በጆሮው ሹክ ይለዋል። ስሙ፣ የአባት ስም፣ የመጡበት አገር ግጥሙ ውስጥ ይገባል። የተጠራው ሰው ቁጭ ብሎ መቅረት አይችልም፦ ይነሣል፣ ይሸልማል፣ ወይም «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ስንኝ ይሰጣል። አዳራሹ የሚሞቀው ያኔ ነው።

ይሄ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። እዚህ አገር ሲገቡ የብዙ ወላጆቻችን ስም በዕብራይስጥ ስም ተተክቷል። ቴዑዳት ዜሁት ላይ አንድ ስም፣ እናታችን ቤት ሌላ ስም። አዝማሪው በሰው ፊት፣ በማይክሮፎን የሚጠራው የቤቱን ስም ነው። ኢላና ዌብስተር-ኮገን እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመችው መጽሐፍ ርዕሱ ላይ «ዜጋ»ን ከ«አዝማሪ» ጋር አጣምራለች። ጥምረቱ ልክ ነው፤ መታወቂያው የተወውን ስም አደባባይ የሚያወጣው አዝማሪው ነውና።

የዒዳን ራይኼል ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው አልበም አማርኛን ሬዲዮ ላይ አሰምቷል። ብዙ አድማጭ ቃሉ ሳይገባው ወደደው። ድምፁ ያምራል፤ ግን ከሬዲዮ የሚመጣ ድምፅ ማንንም በስሙ አይጠራም፣ ከማንም መልስ አይጠብቅም።

የሚያሳስበኝ እኛም የራሳችንን አዝማሪ እንደዚያ መስማት መጀመራችን ነው። ጠረጴዛችን ጋ ሲደርስ ስልክ አውጥተን እንቀርጻለን። ስንኙ ስላልገባን እንስቃለን፣ እናጨበጭባለን፣ አንመልስም። እሱም ወደ ሽማግሌዎቹ ያልፋል። እነሱ ሲያልፉስ ወደ ማን ይሄዳል? ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሾው ነው፤ ቄሰሙም ለማያውቀን እንግዳ ብቻ ይሆናል።

ለመመለስ ገጣሚ መሆን አያስፈልግም። ግማሹ ዕብራይስጥ የሆነ ስንኝም ስጡት፤ አስተካክሎ መዝፈን የእሱ ሙያ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ከወላጆቻችሁ ጠይቁ፦ ቤት የሚጠሯችሁ ስም ምን ማለት እንደሆነ፣ ማን እንዳወጣላችሁም። አዝማሪው ሲጠይቃችሁ የምትነግሩት እሱን ነው።