መጠን እንደ ፍርድ፦ ከቆቦ ሜዳ እስከ ናርጋ ሥላሴ

በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ላይ ደጋግሞ የሚሰነዘር ትችት አለ፤ ሠዓሊዎቹ መጠን አያውቁም፣ ዐይኑ ፊቱን ይሞላዋል፣ ራሱ ከገላው አይመጣጠንም፣ ቅዱሱ ከቤቱ ይበልጣል ይባላል። ትችቱ የተነሣበት መለኪያ አንድ ብቻ ነው፤ በዐይን ርቀት የሚለካው። ምጥጥን የአንድ ሥዕል ክፍሎች እርስ በርስ ያላቸው ዝምድና ሲሆን፣ መጠን ደግሞ የተሣለው ነገር ከአጠገቡ ካለውና ከተመልካቹ አካል ጋር ያለው ዝምድና ነው። ዝምድናውን የሚወስነው ግን ሁልጊዜ ርቀት አይደለም።

የርቀትን ሕግ ለማየት የራያን ቆላ የሚያህል ቦታ የለም። ከባሕር ጠለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ከቆቦ ወደ ምሥራቅ ሲያዩ ሜዳው ይዘረጋና የዞብል ሰንሰለት ዝቅ ያለ ሰማያዊ መስመር ሆኖ ይታያል። እንደ ደጋሊት ያሉት ረጃጅም የአካባቢው የማሽላ ዘሮች ደርሰው ሲቆሙ ደግሞ ሰው በመካከላቸው ይጠፋል፤ አንድ አገዳ ተራራውን ይጋርዳል። ይህን እንዳለ የሚያሰፍር ሠዓሊ አገዳውን ከተራራው ማስበለጥ አለበት። ጣሊያናዊው አልቤርቲ በ1435 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ያሰፈረው የርቀት ሥርዓትም መሠረቱ ይኸው ነው፤ ዓለም ከአንድ ቋሚ ዐይን ትለካለች።

በዚያው ትውልድ፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468 እ.ኤ.አ.)፣ ፍሬ ጽዮን የተባለው መነኩሴ የእመቤታችንን ሥዕሎች በእንጨት ገበታ ላይ ይሥል ነበር። እሱ የሠራበት ወግ በሌላ ልክ ይመራል፤ በማዕረግ። የዚህን ልክ ጥልቀት አጉልቶ የሚያሳየው በጣና ደቅ ደሴት ያለው ናርጋ ሥላሴ ነው። ለልጇ ለዳግማዊ ኢያሱ እንደራሴ ሆና አገር ያስተዳደረችው እቴጌ ምንትዋብ እዚያ በእመቤታችን እግር ሥር በግንባሯ ተደፍታ፣ አንሳ ተሥላለች። በብዙዎቹ የዐድዋ ሥዕሎች ግን ዐፄ ምኒልክ በጥላ ሥር ከወታደሮቻቸው ሁሉ ገዝፈው ይታያሉ፤ ከላይ ደግሞ ቅዱስ ጊዮርጊስ አለ። ዘውድ የጫነ ሰው በአንዱ ሥዕል ያነሰው፣ በሌላው የገዘፈው ለምንድን ነው? ከማን አጠገብ እንደቆመ ስለተፈረደ ነው። ሠዓሊው መጠንን ጠንቅቆ ያውቃል፤ የሚናገረውም በመጠን ነው። ይህን ስህተት ብሎ ማረም ፍርዱን ከሥዕሉ መፋቅ ይሆናል።

ሦስተኛው ልክ የሰው አካል ነው። ቆቦ ባለችበት በሰሜን ወሎ፣ በላሊበላ፣ ወደ ቤተ ጊዮርጊስ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ጣሪያውን ነው። ጣሪያው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹ መስቀሎች አሉ፤ ቅርጻቸው ያው ነው፣ የሚለወጠው መጠናቸው ብቻ። ምጥጥን ጸንቶ መጠን ሲቀየር ምን እንደሚሆን ከዚህ በላይ የጠራ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል። ከዚያ ምእመኑ በዐለቱ መተላለፊያ ይወርዳል፤ ከእግሩ በታች የነበረው ሕንፃ ከራሱ በላይ ይሆናል። ዐለቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሰውየው ቦታ ነው። የግንባታው ጥበብ ተመልካቹን ዝቅ አድርጎ ሥራውን ከፍ ማድረጉ ላይ ነው።

ዛሬ አደጋ ላይ ያለው ይህ ሦስተኛው ልክ ነው። አፈወርቅ ተክሌ ለአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል፣ በመዳፍ የሚያዝ የብራና መጽሐፍ ሥዕልና ቤተ ጊዮርጊስ በስልክ መስኮት እኩል ይሆናሉ። ከመስታወቱ ሥር የቆመ ሰው በቀለሙ ብርሃን ይዋጣል፤ ብራናውን የከፈተ ሰው አጎንብሶ ይቀርባል። ስልኩ ሁለቱንም ይነጥቃል። ወጣት ሠዓሊ ሁሉን ከስልክ ከተማረ ምስሉን ያውቃል፣ መጠኑን ግን አያውቅም።

ስለዚህ ትችታችን ሊታረም ይገባል። አንድ ሥዕል መጠኑን ሳተ ከማለታችን በፊት በየትኛው ልክ እንደተሠራ እንጠይቅ፤ በዐይን፣ በማዕረግ ወይስ በአካል? የሥነ ጥበብ መምህራንም፣ በተለይ የቆቦና የወልድያ፣ ተማሪዎቻቸውን ወደ ሜዳው አውጥተው ዞብልን ከማሽላው ጋር ያሥሏቸው፤ ቀጥለውም ላሊበላ ወስደው በእግራቸው ያስወርዷቸው። ሥዕል የምናትም ሁሉ ደግሞ ከምስሉ ሥር የሥራውን ቁመትና ወርድ በሜትርና በሴንቲ ሜትር እንጻፍ።