ፊት ያለው፣ ድምፅ የሌለው ሥዕል

በኪነ ጥበባችን ውስጥ ረኀብ፣ ጦርነትና መፈናቀል በተነሣ ቁጥር የሚመላለስ አንድ ሥዕል አለ፤ ይኸውም ሕፃን ታቅፋ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ወደ ተመልካቹ ቀና ብላ የምታይ እናት ናት። የሥዕሉ ምንጭ ሩቅ አይደለም። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ሞሐመድ አሚን ኮረም ላይ ያነሣው ፊልም ዓለምን አንቀሳቀሰ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ በለንደንና በፊላደልፊያ የተካሄደው የሙዚቃ ዝግጅት ደግሞ በሞት አፋፍ ላይ የነበረችውን የሕፃን ብርሃን ወልዱን ፊት አሳየ። እህል መጣ፣ ነፍስም ዳነ፤ ይህን መካድ ግፍ ይሆናል። ዳሩ ግን ከዚያ ወዲህ የመጣው ብዙው ሠዓሊና ፊልም ሠሪ ችግረኛዋን ሴት አንደበት እንደሌላት አድርጎ መሳልን አብሮ ወረሰ።

በ2010 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች አዋሳኝ ግጭት ሲነድ በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ከቀየው ተነቀለ። በምዕራብ ሐረርጌ ከቦኬ አጎራባች በሆነችው በዳሮ ለቡ፣ በሐዊ ጉዲናም ደም ፈሰሰ። ሐማሬሳ ላይ ኦሮሞዋ፣ ቆሎጂ ላይ ሶማሌዋ እናት በአንድ ዓይነት ሸራ ሥር ተጠለሉ። ያ የኮረም ሥዕል ያን ጊዜም ተመልሶ መጣ፤ ይባስ ብሎም የአንደኛው ወገን እናት በሌላው ላይ የምትቀርብ የክስ ማስረጃ ሆነች። ሴቲቱ ውኃና ማገዶ ፍለጋ ስትወጣ በመንገድ ላይ የሚጠብቃትን አደጋ፣ ከትምህርት ገበታ የቀረችውን ልጇን ያለ ዕድሜዋ ለመዳር የሚመጣባትን ግፊት ግን ሥዕሉ አያውቀውም። ጥበቃ የሚባለው ነገር የሚጀምረው ከዚህ ዝርዝር ሆኖ ሳለ ማለት ነው!

የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» (2001 ዓ.ም.) በዚህ ረገድ ከብዙዎቹ ይልቃል። ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ የሚውሉት ልጆች ለእንባ የተሰለፉ አይደሉም፤ ይሸሻሉ፣ ይፈራሉ፣ ይኖራሉ። ከሰው የተገለለችውን አዛኑን የሚያስጠጋት የአንበርብር እናት ቤት ነው፤ ጥበቃ በድርጅት ስም ሳይሆን በምድጃ ዳር ይታያል። ይሁን እንጂ ረጅሙ ንግግርና ትዝታው ሁሉ ከጀርመን ለተመለሰው ወንድ ተሰጥቶ፣ አዛኑ በዝምታዋ እንድትገለጥ መደረጉ ጉድለት ነው።

ከዚህ የከበደው ጥያቄ በ«ድፍረት» ላይ ተነሣ። ጠለፋን ያጋለጠው ይህ ፊልም በነሐሴ 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ፤ የተነሣው አቤቱታ ባለታሪኳ ሳትፈቅድ ሕይወቷ ለሕዝብ ቀረበ የሚል ነበር። እግዱ ኋላ ተነሥቷል። የፊልሙ ዓላማ ቅን ነው፤ የልጅቱን መብት የተከራከረችውን ጠበቃ ያከበረበት አኳኋንም የሚመሰገን ነው። ቢሆንም የተደፈረች ሴት ገጽታዋን የመሰወር መብቷ ከደራሲው ቅን ዓላማ አያንስም። ስም መለወጥ ብቻውን አይሰውርም፤ ጎረቤት መንደሩንና ቀኑን ያውቃልና።

ከሐረርጌ ሊጻፍ ለሚችለው ተውኔት ወይም ፊልም መነሻው ደግሞ ሩቅ አይደለም። የሶማሌ ሴቶች ቡራንቡር የሚባል የራሳቸው የግጥም ዓይነት አላቸው፤ በአርሲ ኦሮሞ ዘንድም ያገባች ሴት የምትይዘው ሲንቄ በትር በተፋላሚዎች መካከል ሲቆም ጠብ ያበርዳል። የካሜራ ባለሙያው ከሸራው ደጃፍ ቆሞ ፊት ከመልቀሙ በፊት ቁጭ ብሎ ቢሰማ፣ ሴቲቱ የትኛው ለአደባባይ፣ የትኛው ለጓዳ እንደሆነ ራስዋ ትለይለት ነበር።